በባነሩ ላይ ስላለችው ባለነጠላ

ለተከበሩ የኮሚክ ኮንቬንሽኑ ዋና ዳይሬክተር
ለንደን

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጤናዎ እንደ መግቢያ ቲኬትዎ ዋጋ ከዓመት ዓመት ከፍ ከፍ እንዲል፣ ዕድሜዎም በደጅዎ እንደሚሰለፈው ሕዝብ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ በኢሜይል ደጋግሜ ጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ ምናልባት በአደባባይ ብጽፍ ይታይልኝ ይሆናል ብዬ ይህን ግልጽ ደብዳቤ አቅርቤያለሁ።

ምስጋና ይቀድማል። ዘንድሮ በአዳራሽዎ መግቢያ ላይ «ጅማሯችን» የሚል ሁለት ፎቅ የሚያክል ባነር ሰቅለው፣ መሃሉ ላይ ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች፣ አንገቷ ላይ ሪባን የጠለቀላት ቀጭን ልጅ ፎቶ ማድረግዎን ሳይ ደስ አለኝ። እንዲያ ቀጭን እንደነበርኩ ማንም አያምነኝም ነበርና። ከሥሩ ግን «ስሟ ያልታወቀ ታዳሚ፣ የሙት መንፈስ ልብስ ለብሳ» ይላል። ክቡርነትዎ፣ ያቺ ሙት መንፈስ እኔ ነኝ። ስሜ ሮማንወርቅ ገብረመድኅን ይባላል።

እንዴት ሙት መንፈስ እንደሆንኩ ልንገርዎ፤ እርስዎ ያኔ ገና አልተወለዱም መሰለኝ። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት ዊልስደን በሚባለው የለንደን ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ እሑድ ጠዋት እኛ ለቅዳሴ፣ ከሰዓት ደግሞ ኮሚክ የሚባለውን የሥዕል ታሪክ መጽሔት የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ለገበያቸው የምንከራየው አዳራሽ ነበር። አንድ እሑድ በዓል ሆኖ ጸሎቱ ረዘመና ስንወጣ እነሱ ኮሪደሩ ላይ የኮሚክ ጀግኖችን መስሎ የመልበስ ውድድር ጀምረው ደረስን። ሰብሳቢያቸው ቤንጃሚን የሚባል ፖስተኛ ነበር። ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች አየና የሙት መንፈስ ልብስ መስሎት ሕዝቡን አስጨብጭቦ፣ የአንደኝነቱን ሪባን አንገቴ ላይ አጥልቆ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ኮሚክ አሸከመኝ። አገሩን ከረገጥኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም፤ ቋንቋውም የለኝም። ጓደኛዬ አልታየሽ ለስደተኛ የሚታደል የመንግሥት እርዳታ ነው፣ ተቀበይ ብትለኝ እጅ ነስቼ ተቀበልኩ። ከመንግሥት ቤት ስትጠይቅ ለከረመች ሰው ይህም አይናቅም!

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ያ ካርቶን ነው። በሚቀጥለው ወር ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ከእነሱ ጋር ዋልኩ፤ እንዲሁ ለመድኩ። ያኔ ኮንቬንሽን ማለት ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ በሙዝ ካርቶን የተደረደረ መጽሔትና ውሃ ውሃ የሚል ሻይ ነበር። እኛ የተረፈንን ድፎ ዳቦ እንተውላቸዋለን፣ እነሱ ወንበር ያነሱልናል። ነገራችን ሁሉ እንደ ማኅበር ነበር፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ልጄን ሔርሜላን የወለድኩ ጊዜ ቤንጃሚን ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ጭምብሉን እንኳ ሳያወልቅ፣ አራስ ሊጠይቅ ሆስፒታል ድረስ መጣ። ነርሷ ፖሊስ ልትጠራ ምንም አልቀራት። የተሰፋሁት እስኪያመኝ ሳቅሁ። በዚህ አገር አንድ ዘመድ አልነበረኝም፤ የጠየቁኝ እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

፩. ሙት መንፈስ መባሌን እንደ ሹመት ልቀበለው እችላለሁ፤ በዚህ ከተማ ከዚህ የባሰም ተብያለሁ። «ስሟ ያልታወቀ» መባሌ ግን አንጀቴን ቆረጠው። ቤንጃሚን ስሜን ያውቅ ነበር፤ አስተካክሎ መጥራት ባይችልም ያውቅ ነበር። ባለፈው ክረምት ሞተ። አልታየሽም ከእሱ ቀድማ አርፋለች። እዚያ ነበረች ብሎ የሚመሰክርልኝ ሰው አለቀብኝ፤ የቀረኝ የእርስዎ ባነር ነው።

፪. ይህንኑ በአካል ላስረዳ ብዬ መጥቼ ነበር። በር ላይ የሚጠብቀው ኪዲ የሚባል የአገሬ ልጅ ነው። እማማ እያለ፣ ያለ ቲኬት ማሳለፍ እንደማይችል፣ ቲኬቱም በስልክ ካልሆነ እንደማይሸጥ፣ የዘንድሮው ደግሞ ካለቀ እንደቆየ በአክብሮት አስረዳኝ። ባነሩን ባሳየው ቀና ብሎ አየ፣ መልሶ እኔን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ። ልጁ በእኔ ጦስ እንጀራውን እንዳያጣ ብዬ አልጨቀጨቅኩትም።

፫. ከባነሩ ሥር ቆሜ ሳለሁ፣ ክንፍ ያጠለቀች አንዲት ወጣት ፎቶ ልትነሳ ፈልጋ፣ ሥዕሉን ስለከለልኩባት ትንሽ ፈቀቅ እንድልላት በትሕትና ለመነችኝ። ምን ላድርግ? ፈቀቅ አልኩላት። እንዲያውም ስልኳን ተቀብዬ ያነሳኋት እኔው ነኝ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ሦስተኛውን ስጽፍ አቅሜ አለቀ።

ክቡርነትዎ፣ ጠረጴዛ ይሰጠኝ አላልኩም፤ ግቢ ይበሉኝም አላልኩም። ኮንቬንሽኑ እሑድ ማታ ያልቃል፣ ባነሩም ይወርዳል። ሔርሜላ ልጇን ይዛ ከበርሚንግሃም የምትመጣው እሑድ ጠዋት ነው። የልጅ ልጄ ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ ነው። ደጁ ላይ አቁሜ አያትሽ ይቺ ናት ስላት፣ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ማንበቧ አይቀርም። እባክዎን ከዚያ በፊት ስሜ ይጻፍልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ሁለት ፎቅ አክዬ ከደጅዎ እንድቆም ላበቁኝ፣ ከደጁ እንዳላልፍም በትጉህ ጥበቃ ላስጠበቁኝ ለክቡርነትዎ፣ ወገቤ የቻለውን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የክቡርነትዎ የውጭ በር ታዳሚ
ሮማንወርቅ ገብረመድኅን
ከስትሪትሃም

ማስታወሻ፦ ይህን ልልክ ስል ከቢሮዎ መልስ ደረሰኝ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የሰው የግል መረጃ መጠበቅ ስላለበት፣ ከፎቶው ሥር ስም ለመጻፍ በፎቶው ላይ ያለችው ሴት ራሷ ፈርማ መፍቀድ እንዳለባት፣ ሴትዮዋ ግን ስሟ ያልታወቀ በመሆኑ ሊያገኟት እንዳልቻሉ ገልጸውልኛል። እውነትዎን ነው። እስከ እሑድ እኔም እፈልጋታለሁ።