ሦስት ገመድ ዛጎል

የካቲት 11 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ጥፋተኛው የአባትሽ ወንድም ነው። ጤንነትሽን ሳልጠይቅ በዚህ የጀመርኩት፣ ዓመት ሙሉ ጥፋቱን አንቺ ላይ ጭኜ ስለኖርኩ መጀመሪያ ላውርድልሽ ብዬ ነው። ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፣ ከወገቤ በቀር። እሱም የቆየ ጠላቴ ነው።

የአጎትሽ ዓሦች መሞት የጀመሩ ጊዜ የላክሽውን ደብዳቤ አትረሺውም። ለምግብ የማረባቸው ዛጎሎች ከእሱ የዓሣ ማርቢያ መረብ አጠገብ በገመድ ተንጠልጥለው ስለሚያድጉ፣ "እትዬ፣ ያንቺ ዛጎሎች ውሃ ሲያጣሩ ነው የሚውሉት። ቫይረሱን ጠጥተው ይዘውታል፤ አዲስ ዓሣ ባስገባ ይጨርሱብኛል" አለኝ። እኔም "የዓሣ በሽታ የምትመረምር ልጅ አለችኝ፣ እሷ ትናገር" ብዬ አስጻፍኩልሽ። መልስሽ ሲመጣ ያነበበልኝ እሱ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጆሮው ያለው በሌላ ሰው አፍ ነው።

"ቫይረሱ ዛጎሎቹ ውስጥ ይቆያል" የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና "ይኸው፣ የገዛ ልጅሽ ፈረደች" አለ።

ከሰባቱ ገመድ አራቱን ስቤ አወጣሁ። የሦስት ዓመት ልፋቴን ጉድጓድ ከትቼ ኖራ ነሰነስኩበት። ሦስቱ የተረፉት የጀልባው ሞተር ስለተበላሸ እንጂ በእኔ ብልሃት አይደለም። ላንቺም መልስ አላስጻፍኩም። ኋላ የላክሻቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ሳልከፍት ሣጥን ውስጥ ወረወርኳቸው።

ከዚያ ማኅበራችን የጎልማሶች ትምህርት ከፈተ። የገባሁት አጎትሽ "በዚህ ዕድሜሽ?" ብሎ ስለሳቀ ነው። በስድስተኛው ወር መምህሯ የሚነበብ ነገር ከቤታችን እንድናመጣ አዘዘችን። ጎረቤቴ የዘይት ጣሳ ይዛ መጣች፣ እኔ ያንቺን ደብዳቤ። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ እሱ ያቆመበት ደረስኩ። ወረቀቱን ስገለብጠው ጽሑፍሽ ይቀጥላል።

"ግን እዚያ አይራባም፣ እማዬ። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እንደ ቫይረሱና እንደ ውሃው ሙቀት ይለያያል። የዓሣ ተቆጣጣሪዎች ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ይመርምሩልሽ። ከዚያ በፊት እንዳትጥያቸው።"

መምህሯ "እናቴ፣ ምነው?" አለችኝ። "ዓይኔን ነው" አልኳት።

አጎትሽን መረብ ሲጠግን አገኘሁት።

"ጀርባውን ለምን አላነበብክልኝም?"

"እትዬ ሙቺ፣ መነጽሬን አልያዝኩም ነበር።"

"መነጽርህ የሚጠፋው ወረቀት ሲገለበጥ ነው?"

ወደ መረቡ አጎነበሰ። ኋላ ስሰማ፣ ለካ የእኔን የውሃ ቦታ ለራሱ መረብ እንዲሰጡት ማመልከቻ አስገብቶ ኖሯል።

ደብዳቤሽን ለዓሣ ተቆጣጣሪው ወሰድኩለት። ከቀሩት ገመዶች ዛጎል ለቅሞ ንጹሕ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀመጠና በየሳምንቱ መረመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ቫይረሱ ተገኘ። አጎትሽ "አላልኩም?" እያለ ገንዳውን ዞረ። ተቆጣጣሪው ግን "ይህን ያህል ወር አይቆይም ነበር፤ አዲስ ቫይረስ ከየት እየመጣ ይገባባቸዋል?" ብሎ ባሕሩ ዳር ቆሞ ዋለ። አጎትሽ አሁንም የሚሞቱበትን ዓሦች የሚያወጣበትን በርሜል በእኔ ገመዶች ራስ ላይ ሲያጥብ በዓይኑ አየው። ለካ የእሱን በሽታ የሚያጠጣቸው ራሱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ቫይረሱ ቀነሰ። በአምስተኛው ጠፋ፣ በስድስተኛውም የለም። ከዚያ ጤነኛ ትንንሽ ዓሦች እዚያው ገንዳ ውስጥ ጨመረ፤ ወር ሞላቸው፣ አንድም አልሞተ። ትናንት ከተቆጣጣሪው ቢሮ የውሳኔ ወረቀት ሰጡኝ። ገመዶቼ ቦታቸው ላይ ይቆያሉ፣ እሱም በርሜሉን ከውሃው ርቆ ያጥባል። ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት፣ ጀርባውንም ገልብጬ አየሁ። ከዓመት በኋላ ዛሬ ጠዋት እስኪረፍድ ተኛሁ። አራቱ ግን ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ያንን አልተውለትም።

ያልተከፈቱትን ደብዳቤዎችሽንም ትናንት ከፈትኳቸው። በሁለተኛው "እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?" ብለሽ ጠይቀሻል። ምንም አላደረግሽኝም፣ ልጄ።

የነካሽው ሁሉ ይጥራልሽ። ሳላይሽ አይውሰደኝ። ረጅም አድርገሽ ጻፊልኝ፣ በሁለቱም ገጽ። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን ለማንም አላስነብብም።

እናትሽ፣ በገዛ እጇ