የማይዘረጋ እጅ የፈረመው የጥርስ ሕክምና

ቀን፦ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዞኑ ጤና መምሪያ ኃላፊ
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ ወንድሜ ደርቤ ሀብተ ሚካኤል ያላገኘው የጥርስ ሕክምና እንዳገኘ ተደርጎ ስለተመዘገበና በዚሁ ምክንያት ሪፈር ስለተከለከለ

እኔ አመልካች ሊድያ ሀብተ ሚካኤል በዳባት ከተማ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ይህን አቤቱታ የማቀርበው መናገር ስለማይችለው ወንድሜ ነው። ደርቤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከውልደቱ ጀምሮ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። የሚኖረው ከእናታችን ከወይዘሮ ገበያነሽ ጋር፣ የጥድ በር ጤና ጣቢያ በሚያገለግለው ቀበሌ ነው።

1. ባለፈው የፍልሰታ ጾም ደርቤ ቆሎውን ይገፋ ጀመር። ጎረቤቱ «ጾሙን ያዘ፤ ከእኛ እሱ በለጠ» አለ። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ባርከውት ሄዱ። እናቴም ደስ ብሏት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አታቀርብለትም ነበር። ከክረምት ሥልጠና የተመለስኩት ጾሙ በተፈታ ማግስት ነው። ሥጋውንም ሲገፋ ባየሁ ጊዜ በስልኬ መብራት አፉን ተመለከትኩ። በግራ በኩል ሁለት መንጋጋ ጥርሶቹ ጠቁረው ተቦርቡረዋል፤ ድዱ መግል ይዟል። የጾመ መስሎን ያስራብነው ታማሚ ነበር። ዝም እንዲል ከረሜላ ስንሰጠው የኖርነውም እኛ ነን። የቤታችንን ጥፋት አልደብቅም፤ ሌላውም ጥፋቱን እንዳይደብቅ ነው የምጽፈው።

2. ነሐሴ 20 ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድነው። ያየችው ባለሙያ ጥርሶቹ መነቀል እንዳለባቸው፣ እዚያ ግን እንደማይቻል ነግራን ለሪፈር ወደ መዝገብ ክፍል ላከችን። የክፍሉ ሠራተኛ አቶ አለምነህ፣ ደርቤ ሰኔ 12 ቀን ለአካል ጉዳተኞች በተደረገው የጥርስ ዘመቻ እንደታከመ፣ ሁለት መንጋጋም እንደተነቀለለት ከመዝገቡ አነበበልኝ። በዚያ ቀን ቤታችን የመጣ የለም፤ እኛም አልሄድንም። አፉን ከፍቼ ላሳየው ብል «እህቴ፣ እኔ የማየው መዝገብ ነው፤ አፍ የሚታየው ሌላ ክፍል ነው» አለኝ። ወደዚያ ክፍል ብንመለስ፣ መዝገቡ ሳይስተካከል ሪፈር እንደማይጻፍ ተነገረን። ያለ ሪፈር ደግሞ የጤና መድናችን አይሠራም።

3. ዝርዝሩን አሳዩኝ አልኩ። ሠላሳ ሰባት ስም በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። በደርቤ ስም አንጻር «የቀኝ አውራ ጣት አሻራ» ይላል፤ አሻራም አለ። የወንድሜ ቀኝ እጅ ግን ከተወለደ ጀምሮ የተጨበጠ ነው፤ አውራ ጣቱ ከአራቱ ጣቶች ሥር ተቀብሯል። ጥፍሩ መዳፉን እንዳይወጋው እናቴ በሞቀ ውሃ እያለዘበች ስስ ጨርቅ ታሾልክበታለች። ከዚያ በላይ ከፍቶት የሚያውቅ የለም።

ከሥሩ የተጻፈው ማየት የተሳነው ጎረቤታችን አቶ ልደቱ ነው። ለእሱም ጥርስ ነቅለንለታል ይላሉ። ስጠይቀው «ዓይኔ ባያይ፣ ጥርሴ ሲነቀል አላውቅም?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሁለቱ አሻራ ለዓይኔ የአንድ ሰው ጣት መስሎኛል። ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ለማመሳከር ፎቶ ላነሳ ስልኬን ሳወጣ መዝገቡ ለምን በፊቴ ተዘጋ? ነሐሴ 26 ቀን ስመለስ ዝርዝሩ «ወደ በላይ ተልኳል» ተባልኩ። ወዴት፣ በማን እጅ ብዬ ብጠይቅ፣ አቶ አለምነህ «መምህርት ስለሆንሽ ሁሉን የምታርሚ መሰለሽ?» አለኝ። ስሕተት ሳይ አርማለሁ፤ ይህ ግን ስሕተት አይመስለኝም።

4. ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ለደርቤ ሪፈር እንዲጻፍለት እጠይቃለሁ። ግማሽ ፊቱ አብጧል፤ ሕመሙ ሲብስበት በግራ እጁ ጉንጩን ይመታል። መዝገቡ እስኪጣራ መቆየት አይችልም። ቀጥሎ ዋናው ዝርዝር ከያለበት ተፈልጎ፣ የተመዘገቡት ሰዎች በየቤታቸው እንዲጠየቁ ይሁን። ይህ ማመልከቻ «ለሚመለከተው» ተብሎ ወደዚያው መዝገብ ክፍል እንዳይመራብኝም አደራ እላለሁ። አቤቱታ በተከሳሹ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር አይቻለሁና፣ የገቢ ቁጥሩን ሳልቀበል ከቢሮዎ አልወጣም።

ሰኞ መስከረም 12 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደርቤን ይዤ በቢሮዎ እገኛለሁ። መዝገቡ ልክ ነው የሚል ሰው ካለ የአሻራ ቀለም ይዞ ይምጣና፣ በፊትዎ የወንድሜን ቀኝ እጅ ከፍቶ ያስፈርመው። ያ ካልሆነለት አፉን ይይ። ደርቤ አፉን ክፈት ሲሉት እምቢ አይልም፤ ተነቀሉ የተባሉት ጥርሶችም እዚያው ናቸው።

መልስዎን ከምትጠብቅ እህቱ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሊድያ ሀብተ ሚካኤል
ዳባት