ስለ መጨረሻው ረድፍ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ ታዴዎስ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን፣ መላ ቤተሰብዎንና የቢሮዎን ባልደረቦች ጤና ይስጥልኝ እላለሁ፤ በተለይ የጆሮዎን ደኅንነት እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ አጥብቄ እመኛለሁ። እኔ ገበየሁ እባላለሁ፤ ወሰን አካባቢ ባለ ጋራዥ የሞተር መካኒክ ስሆን የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ የመቅደላዊት አባት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ ሳይሆን፣ ትምህርት ቤትዎ የዋለልን ውለታ ፋይል ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው። ተናድጄም አይደለም። ንዴቱ ከወጣልኝ ወራት አልፈዋል፤ አሁን ምንም አይሰማኝም፣ ዝም ብዬ ነው የምጽፈው።

1. የመጀመሪያው ምስጋናዬ ተማሪን በደረጃው ለምታስቀምጡበት ደንብ ይሁንልኝ። ከአንድ እስከ አሥር የወጣ ፊት፣ የተቀረው እንደ ውጤቱ ወደ ኋላ የሚለው ይህ ደንብ ልጆችን ያተጋል ተብሎ በወላጆች ስብሰባ ሲነገረን እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ያን ጊዜ ልጄ ከክፍሏ አራተኛ ስለነበረች የፊት ዴስክ ላይ ነበረች። በማግሥቱ ዓመት ግራ ጆሮዋ ይመግል ጀመር። እኛም እንደ አገሩ ልማድ ጤና አዳም ጨምቀን አንጠባጠብንበት፣ መግሉ ሲደርቅም ተመስገን ዳነች አልን። መስማቷ ሲቀንስ ግን ውጤቷ ወረደ፤ ውጤቷ ሲወርድ በደንቡ መሠረት ወደ አራተኛው ረድፍ ተዛወረች፤ ከዚያ ሆና የምትሰማው ስላነሰ ዘንድሮ ሠላሳ ስምንተኛ ወጣችና መጨረሻው ረድፍ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ በመሆኑ ደንቡ ከዚህ በላይ ሊገፋት አለመቻሉን በደስታ እገልጻለሁ።

የመጨረሻው ረድፍ መስኮት ወደ ካራ በሚወስደው ዳገት በኩል መሆኑም የሚዘነጋ አይደለም። ሲኖትራክ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ሲወጣ ደኅና ጆሮ ያለው ልጅም መምህሩን እንደማይሰማ፣ የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ አንድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ቆሜ አረጋግጫለሁ።

2. የክፍሏን ኃላፊ መምህር ግሩምን፣ ልጄ ስሟ ሲጠራ አቤት ባለማለቷ ንቀት ነው ብለው ስላንበረከኳትና ካርዷም ላይ በሥነ ምግባር ዝቅተኛውን ነጥብ ስላሰፈሩልን አመሰግናለሁ። ሕፃን ሳለች ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት እያለች የሰፈሩን ሰው ስታስቅ የኖረች ልጅ ድንገት ሰው መናቅ መጀመሯ ለምን እንደሆነ አለመጠየቃቸው፣ ለሥራቸው ያላቸውን ጥድፊያ ያሳያል። በዚህ ላይ እሳቸውን የምወቅስበት አፍ ግን የለኝም፤ እኔም ቤት ውስጥ ጠርቻት ዝም ስትለኝ ሁለት ጊዜ ቆንጥጫታለሁ። ከመንገድ ማዶ የሚያልፍ መኪና ሰምቼ የቱ ቫልቭ እንደላላ የምናገር ሰው፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ የምትበላው ልጄ እንደማትሰማ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አፍሬያለሁ፤ እርስዎም እንዲያፍሩ ግን አላስገድድዎትም።

3. ሙሚና የምትባለው የዴስክ ጓደኛዋ፣ መምህሩ ልጄን በጠሩ ቁጥር በክርኗ ነካ እያደረገች ታስነሣት ነበር። ይህች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከእኔ፣ ከመምህሩና ከእርስዎ ቀድማ ነገሩን ተረድታ፣ ለማንም ሳትናገር መላ አበጅታለት ነበር ማለት ነው። ወሬ ያበዛሉ በሚል ሁለቱን ለያይታችሁ፣ ልጄ ራሷን እንድትችል ስለረዳችኋት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

4. በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተበስቷል፣ ከውስጥ ያለችው አጥንትም ተበልታለች፤ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር አሉኝ። አሁን ቀኙም መምገል ስለጀመረ በመድኃኒት ላይ ናት። ሐኪሟ ቀኝ ጆሮዋን ወደ መምህሩ አድርጋ ፊት እንድትቀመጥ የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ጻፉልኝ፤ ሦስት ጊዜ ያስገባሁትም እሱኑ ነው። ከቢሮዎ በቃል የደረሰኝ መልስ፣ የፊት ዴስክ በውጤት የሚገኝ በመሆኑ ተማሪዋ ደረጃዋን ስታሻሽል ትስተናገዳለች የሚል ነበር። እንግዲህ ልጄ ለመስማት ፊት መቀመጥ፣ ፊት ለመቀመጥ ደግሞ መስማት ይጠበቅባታል። በሰኔው ፈተና ካላለፈች ክፍል እንደምትደግምም ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ የመጨረሻው ረድፍ ለከርሞም እንደሚጠብቃት አልጠራጠርም።

የምለምነው አንድ ዴስክ ነው። ለአንድ ወር፣ እስከ ፈተናው ድረስ ብቻ። ልቅሶም ሰልፍም አላመጣሁም፤ የቀራትን አንድ ጆሮ ይዛ ፊት ትቀመጥ ነው የምለው።

የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ልጆችዎም አንድ በአንድ አንደኛ እንዲወጡ እየተመኘሁ፣ ከዳገቱ በታች ሆኜ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሣዎ፣

ገበየሁ፣ የመቅደላዊት አባት
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ መምህር ግሩም ባለፈው ዓርብ፣ ስለ ንቀቷ በገዛ እጇ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፋ ካላመጣች ክፍል እንዳትገባ ስላዘዙ፣ መቅደላዊት የጻፈችውን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። እኔ አንድም ቃል አላገዝኳትም። ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ሲጠራ እሰማለሁ ብላ ቃል ገብታ ፈርማበታለች። ልጄ ለቃሏ ሟች ናት፤ ይህን ቃሏን ግን ልትጠብቀው እንደማትችል መንገር አቅቶኛልና፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።