ጽዋውን ይዤ ወጣሁ

ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ዘበኛው ጋሽ አያሌው በር ላይ ቆመው በስልክ ያወራሉ፦ «ይህን ቤት ከእግዜርና ከእኛ በቀር የሚያውቀው የለም።» ሰማሁ፤ ተረጋጋሁ። ትናንት ያመጣኝ ባለባጃጅ የሰፈሩን ስም ብቻ ብነግረው ሌላ ሳይጠይቅ በሩ ላይ አቆመኝ። የሙያ ብቃት ነው ብዬ አለፍኩት።

ደብተር ሆይ፣ አንተን የሰጡኝ ከልጆች መሣያ ሣጥን አውጥተው ነው። ጀርባህ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ አለ። ሃያ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቼ የራሴ ባልሆነ ወረቀት ላይ ጽፌ አላውቅም። አንተ የራሴ ነህ። ንብረቴ፦ አንተ፣ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ጥቅል።

የሴቶች መጠለያ ነው። ስድስት ክፍል፣ ዘጠኝ ሴት፣ አምስት ሕፃን። ኃላፊዋ ወ/ሮ ስንዱ ደንቡን ነገሩኝ። አድራሻው ለማንም አይነገርም። እንግዳ አይገባም። ለመሄድ የፈለገች ትሄዳለች።

ያልነገሩኝ የጓሮውን መጸዳጃ ቤት በር ነው። ቆርቆሮ። ገፋሁት፤ ሳብኩት፤ አልዘጋ አለ። ግራ እጄ በጀሶ ነው። አንዲት ልጅ ከኋላዬ መጥታ፣ ከፍ አድርጊና በትከሻሽ ግፊው አለችኝ። የኔዓለም ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ከመርጡለ ማርያም በኩል ነው የመጣችው። እሷም ይህን ለመልመድ ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። ጋሽ አያሌው እንደሚሉት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ በሩ እንዲሁ ነው። አናጢ በየዓመቱ ይጠራል፤ ያየዋል፤ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

ጥቅምት 5

ጥቅሉን ዛሬ ፈታሁት። ተቀመጥና ስማ።

ቁም ሣጥናችን ላይ ሁለት ጥቅሎች ነበሩ፤ ሁለቱም በነጭ ነጠላ። በአንዱ ወረቀቶቼ፦ ዲግሪ፣ መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ። በሌላው የማኅበራችን ጽዋ። የማርያም ማኅበር አለን፤ ከእኔ ጋር አሥራ ሦስት ሴቶች። ወር በገባ በ21 ተራ በተራ እንዘክራለን። ተረኛዋ ጽዋውን ቀድማ ወስዳ ወሩን ሙሉ ቤቷ ታኖረዋለች። የጥቅምት ተረኛ እኔ ነኝ።

ይዤ የወጣሁት ጽዋውን ነው።

አቶ መ. ፊቱን ሲታጠብ ነበር የወጣሁት። (ባሌ ነው። ሙሉ ስሙን አንተም ባታውቀው ይሻልሃል።) ፎጣ እስኪያነሣ ያለችው ጊዜ ጥቅል ፈትቶ ለማየት አትበቃም። ስለ እጄም ከጠየቅኸኝ፣ አቶ መ. አስተዋይ ሰው ነው፤ የምጽፍበት ቀኙ መሆኑን ያውቃል። የሰበረው ግራውን ነው። የሰበካ ጉባኤ አባል ነው። መንገድ ላይ ሰላምታው ረጅም ነው፤ የዘመድ አዝማዱን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ሁሉ ጠይቆ ነው የሚለቅህ።

እንግዲህ ማንነቴ እሱ ዘንድ ነው፤ ጽዋው እኔ ዘንድ። ሸክላ ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ተሸርፏል። ከአልጋዬ ራስጌ አስቀመጥኩት። መሰደድ ለማርያም አዲስ አይደለም።

ጥቅምት 8

ወ/ሮ ስንዱ ሙያዬን ሰሙ። ሥራ ተሰጠኝ፤ ማመልከቻ መጻፍ። ሴቶቹ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ዛሬ የኔዓለም። ባሏ የደበደበበትን የመጥረቢያ እጀታ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ጥላት የመጣችውን ላም ስታነሣ ግን አለቀሰች። ከብዳለች፤ ማን ያዋልዳታል? ላሟን ማመልከቻው ውስጥ አላስገባሁም። የሚስማማት አንቀጽ አላገኘሁም።

ከሰዓት ስልክ። እትዬ የሺ። የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ መሪያችን ማለት ነው። ስልሳን አልፈዋል። ጽዋው የት ነው? ከእኔ ጋር ነው አልኩ። እኔ የት እንዳለሁ አልጠየቁም። ስለ ትዕግሥት መከሩኝ። ረጅም ነው፤ አላሰለችህም። ጎጆ እንዴት እንደሚቆም፣ ወንድ ልጅ ሲሸመግል እንዴት እንደሚበርድ። መጨረሻ ላይ ይህን አሉ፦

«እኔ አርባ ዓመት በትዳር ስኖር አንዲት ሌሊት ከቤቴ ውጭ አድሬ አላውቅም፣ ይታይሽ።»

አመንኳቸው። ቅናት ቢጤም ሸነቆጠኝ።

ጥቅምት 9

ዝናቡ ለቆ ወጣ፤ ብርዱ ገባ። ጀሶው ሥር ያሳክከኛል። ሌላ የለም።

ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

የአቶ መ. መልእክት በንስሐ አባታችን በኩል፣ በስልክ መጣ። ቄሱ ሲያፍሩ ይስላሉ፤ ዛሬ ብዙ ሳሉ። ነገሩ ይህ ነው። ለ21 ቤቴ ልምጣ። ጠላው ተጠምቋል። ዝክሩን እንደ ወጉ ላስተናግድ፤ ሰው ፊት አላዋርደው። ከዚያ በኋላ ወረቀቶቼን ይዤ ወደፈለግሁበት።

ሲሰሙት ደግ ነገር ይመስላል። ወ/ሮ ስንዱም ያለ ወረቀት የቤቱ ክርክር ዓመታት እንደሚጎተት አልሸሸጉኝም። አስቤበት ምሳ ሳልበላ ቀረሁ።

ችግሩ፣ አቶ መ.ን ማንበብ መቻሌ ነው። ካነበብኳቸው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ አንድ ነው። ዝክሩ ላይ ቄሱ አሉ። ሦስት ሽማግሌ እንደ አጋጣሚ ብቅ ይላል። ዳቦው ሳይቆረስ አቶ መ. ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ይወድቃል። ይቅር በይ ይባላል። ጽዋ ይዤ፣ በማርያም ቀን፣ በሰው ፊት። እምቢ ካልኩ ክፉዋ እኔ ነኝ። እሺ ካልኩ ቤቴ ነኝ፤ ወረቀቶቹም ቁም ሣጥኑ ላይ ናቸው።

ግን ካርታው። ዲግሪው። ሄጄ ብመለስስ? አንድ ቀን ነው።

አየህ፣ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ጥቅምት 13

የኔዓለም ሄደች። አባቷ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ከተማ መጥተው አስጠሯት። ባልየው መስቀል ጨብጦ ምሏል። ላሚቱም በሰላም ወልዳለች፤ ሴት ጥጃ። የወሰዳት መሐላው አይመስለኝም። ጥጃዋ ናት።

ወ/ሮ ስንዱ ለመኗት፤ ከዚያ መለመን አቆሙ። ለመንገድ ዳቦና ሳሙና ቋጠሩላት። እኔ ነጠላ ሰጠኋት፤ ጽዋው የተጠቀለለበትን። ጽዋው አሁን በፎጣ ነው። በር ላይ ስትሰናበተኝ እጄን ሳመችና፣ መምህርት፣ እርስዎም ለዝክሩ ይሂዱ፣ ሰው ይለወጣል አለችኝ። መምህርት አይደለሁም። ሌላውንም አላረምኳትም።

ጥቅምት 17፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

የኔዓለም ተመለሰች። እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ፤ ሾፌሩ ደግፎ አወረዳት። ከሐኪም ቤት አሁን መጣን። መንጋጋዋ ታስሯል።

መናገር ስለማትችል ማመልከቻውን በጥያቄ ጻፍኩት። አዎ ከሆነ እጄን ትጨብጣለች። ስንት ጊዜ እንደጨበጠችኝ አልጽፍልህም። ነጠላው የለም። መጨረሻ ላይ ከማመልከቻው ውጭ አንድ ጠየቅኋት፦ ላሚቱ መውለዷ እውነት ነበር?

አልጨበጠችም።

ከዚያ ለብቻዋ ወደ ጓሮ ወጣች። የቆርቆሮውን በር ያለ ትግል አነሣችና ዘጋችው። ይህ ቤት ለሰው የሚሰጠው መታወቂያ ይኸው ብቻ ነው። እዚህ ያደረ በሩን ያውቀዋል፤ ያላደረ አያውቀውም።

ወስኛለሁ። ለ21 ቤት አልሄድም። ወረቀቶቹ እዚያው ይቆዩ፤ አቶ መ. ዲግሪዬን ያንብበው።

ጥቅምት 18

ለእትዬ የሺ ደወልኩ። ቤት አልመጣም፤ ጽዋውን በዘበኛ እልክልዎታለሁ አልኩ። ጽዋ በዘበኛ አይላክም፤ ተረኛዋ ካለችበት ነው የሚዘከረው አሉ። ያለሁበት ቤት እንግዳ አያስገባም አልኩ። አስፈቅጂ አሉና ዘጉት።

ወ/ሮ ስንዱ አይሆንም አሉ። ደንብ ደንብ ነው። ቆየት ብለው የኔዓለምን ለማየት ገቡ። ሲወጡ አሳባቸውን ቀይረዋል። ሴቶች ብቻ ይምጡ። አድራሻው በዕለቱ ጠዋት፣ በስልክ፣ ለእትዬ የሺ ብቻ ይነገር። ቄስ አይገባም። ታዲያ ማን ይባርከው? ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቅኔው እምቢ ቢላቸው ወታደር ቤት ገቡ። ጸሎቱን አደርሳለሁ አሉ። እሳቸውም ወንድ ናቸው፤ ግን በደንቡ ዘበኛ ከበሩ ጋር ነው የሚቆጠረው።

ጥቅምት 20

ጠላ በሁለት ቀን አይደርስም። ብርዝ ይሆናል። ዘጠኙም ሴቶች ሥራ ላይ ናቸው፤ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ቤት ሸተተ። የኔዓለም ለቆሎው ገብስ ትለቅማለች። ማኘክ አትችልም። አንዲት ጠጠር ግን አላመለጠቻትም።

ቄሱ አምስት ጊዜ ደወሉ። አላነሣሁም። አምስት ጊዜ ሳሉ ማለት ነው።

ጥቅምት 21፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሥቼ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አድራሻውን ልናገር። እትዬ የሺ አልደወሉም። 3 ሰዓት። አልደወሉም። ብደውል አያነሡም። ቀርተዋል አልኩ፤ አቶ መ. ቤት ሄደዋል፤ ይፈረድባቸዋል? እዚያ ጠላ አለ።

4 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ የሺ። ከኋላቸው ሁለት በእግር። ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በሌላ ባጃጅ። አሥራ ሁለት፤ አንዲት አልጎደለችም። መንገድ የጠየቀች የለችም። ጋሽ አያሌውን አየኋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ባጃጆቹ ናቸው የሚያውቁት አልኩ ለራሴ።

ሳሙና፣ ምስር፣ የሕፃን ልብስ ተሸክመው ነው የመጡት። ጋሽ አያሌው ጸሎቱን ሁለት ቦታ ዘለሉት፤ አሜን አልን። አንዷ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ አቶ መ. ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ እየጠበቀ ነው፤ ድንጋዩም ከደጁ ተመርጧል። የሳቀ የለም። ወረቀቶቼ አሁንም እዚያው ናቸው።

እትዬ የሺ የኔዓለም ፊት ቆሙ። መንጋጋዋን አዩ። ስለ ትዕግሥት አንድ ቃል አልወጣቸውም። ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ጽዋው ዞሮ፣ የኅዳርን ማን ያነሣል ሲባል፣ እጃቸውን የዘረጉት እሳቸው ናቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጓሮ ወጡ። በሩ ያስቸግራቸዋል ብዬ ተከተልኳቸው። አልደረስኩም።

ቆርቆሮውን ከፍ አድርገው፣ በትከሻቸው ገፍተው ዘጉት።