ጽዋው እኛ ቤት የገባ ዕለት

ይድረስ ለአስካለ፣ ለቤቴ ምሰሶ።

ከተለየሽኝ ክረምቱ ወጥቶ፣ በጋውም ገብቶ፣ ይኸው ጥር ተጋመሰ። እንደምን ነሽ እንዳልልሽ መልስ የለም። እኔ ግን ደክሞኛል። ከፋብሪካ ስመለስ ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ቤት ስገባም የሚያነጋግረኝ የለም። ለስኳር የምሰለፈው አሁን እኔ ነኝ፤ ሴቶቹ ሲያዝኑልኝ ወደ ፊት ያሳልፉኛል። ልጃችን ማርታ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ባሌ ተመድባ ሄዳለች። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል።

እሑድ እሑድ የቀበሌው ስብሰባ አልቀረም። አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ ቅዳሴ ስትሄጂ እኔ ወንበር ልደረድር ስሮጥ ትዝ ይልሻል? ሰማይ ሰማይ ስታዪ ወጡ አረረ እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። አንቺም እሺ ጓድ ብለሽኝ ትስቂያለሽ። የምፈልገው ነገር እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። ዛሬም ከሰው እኩል አጨበጭባለሁ። ግን አንቺ ከሞትሽ ወዲህ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ለመሆኑ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም።

በዚህ ወር በሚካኤል ማኅበርሽ ተራሽ ደረሰ። የማኅበሩ አለቃ እትዬ ዘነበች ቀደም ብለው መጥተው፣ በአንቺ ቦታ የምገባ ከሆነ ጽዋው ወደ ቤታችን እንዲመጣ፣ ካልሆነም ለሌላ እንዲያልፍ ቁርጡን ንገረኝ አሉኝ። ካለፈ ከዚህ ቤት ስምሽን በጸሎት የሚያስጠራ አይኖርም። ከተቀበልኩ ደግሞ ቀበሌ ይሰማል፤ ስብሰባ ላይ አቁመው ይገመግሙኛል፣ እንጀራዬንም ላጣ እችላለሁ። ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። በመጨረሻ ይምጡ አልኩ። አምኜ አይደለም፣ አልዋሽሽም፤ ስምሽ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ጠላውን ጎረቤት ጠመቀችልኝ። ዳቦው የኔ ሥራ ነው፤ መሀሉ ሊጥ ሆኖ ወጣ። አሮጊቶቹ እየሳቁ ዳር ዳሩን በሉ። ታምናለህ ወይ ያለኝ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ጉልበቴና ስለ ማርታ ነበር። ቄሱ የሟቾችን ስም እየጠሩ ሲሄዱ አንቺም ተጠራሽ። ቀጥለው በሕይወት ወዳሉት አባላት ስም ዞሩና የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ የለም፤ ጨርሶ ጠፍቶብኛል።

እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው፣ «ገብረ ሥላሴ ነው፤ በየወሩ አስካለ ስታስጠራው አይደል እንዴ የኖረችው» አሉ።

ከእናቴ ጠይቀሽ ይሆናል። ለእኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላልሽም።

አስካለዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን ምን ስፈልግ እንደኖርኩ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። አንቺ ግን እኔን ስትፈልጊ እንደኖርሽ ዐወቅሁ። በሕይወት እስካለሁ በየወሩ አስጠራሻለሁ። ቀበሌም ያሻውን ይበል።