በመሐረብ የተቋጠረው እትብት

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ጥቅምት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኢልያስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ልጅህ መወለዱን በስልክ ሰምተሃል፤ ይህን ግን በስልክ ለመናገር አፌ አልደፈረም። ሚስትህ መርዋ ደህና ናት፤ ገንፎው ሰልችቷት ከእኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች። ልጁ ቁርጥ አንተን ነው፣ ግንባሩ ሳይቀር። አልሐምዱ ሊላህ።

አራተኛው ፅንስ ሁለት ወሩ ሳለ «ይህንንም ስትቀብሩ አላይም» ብለህ ጅዳ ሄድክ። አልፈረድኩብህም። በሳምንቱ ደም ታያት፤ ይዣት ሐኪም ቤት በረርኩ። ወለላ የምትባል ልጅ እግር ዶክተር መጀመሪያ የጠየቀችን ምን መሰለህ? «ስትወለድ እትብቷ ደምቶ ነበር?»

መርዋ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ደምቶ ነበር፣ ልጄ። ዘጠኝ ቀን። ቆመ ስንል እንደገና። ልትታጩ ስትሉ እናትህ ፈህሚያ «ከዘራችሁ ደም የማይቆምለት አለ ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የለም አልኩ። የመርዋ ቁስል ሻረ ሲባል ተመልሶ እንደሚደማ እያወቅሁ የለም አልኩ። ሦስቱ ሲጨናገፉም የሰው ዐይን ነው፣ ድካም ነው እያልኩ ከረምኩ።

ለዶክተሯ ግን ተናገርኩ። ደሟ ተመረመረ። «እናቴ፣ ደም የሚያረጋ አንድ ፕሮቲን ይጎድላታል» አለችኝ። «ጭድ የሌለው ጭቃ ያስቡ፤ ይለሰናል፣ ግን አይይዝም። ፅንሱም ማህፀኗ ላይ ተጣብቆ እንዲቆይ ያንኑ ፕሮቲን ይፈልጋል።»

ከዚያ ወዲያ በየአራት ሳምንቱ ከሰው ደም ተለይቶ የወጣ ቢጫ ፈሳሽ በክንዷ ይሰጣት ጀመር። ሰፈሩ ሁሉ ደም ሰጠ። እናትህም ክንዷን ዘርግታ ተኛች። እዚያው አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ «ያኔ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። ከክንዷ የሚወርደውን ደም አየች። ከዚያ «ብትነግሪኝ እምቢ እል ነበር» አለች። «ይሄ ልጅ ደግሞ አሁን የስንቱ ዘመድ ሆነ፤ ድግሱን ማን ይችለዋል?»

ለአንተ ራሴ ልንገረው ብዬ ለመንኳት። ይኸው።

ትናንት፣ በሰባተኛው ቀን፣ እትብቱ ደርቆ ወደቀ። ብርሃን ላይ አውጥቼ አገላብጬ አየሁት፤ አንዲት የደም ጠብታ የለም። ፈህሚያ «ቅበሪው እንጂ» ትለኛለች። እኔ በነጭ መሐረብ ቋጥሬ ሳጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ከዚህ ቤት ዘንድሮ የሚቀበረው እሱ ብቻ ነው፤ አባቱ መጥቶ ይቅበረው። ከሮማኑ ሥር ጉድጓዱን ምሻለሁ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልብህንም ያራራልኝ።

አማትህ፣ ከፈቀድክም እናትህ፣
ሐዲጃ