ኢሜይል ስላልነበራቸው መሪጌታ ወልደ ሰንበት

ለተከበሩ አቶ ቢተው፣
የ«መጥቅዕ» ፕሮጀክት የፍልሰት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም የኢሜይል ሳጥንዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ አልተቆጣሁም። ቁጣው ይመጣ እንደ ሆነ ብዬ ሁለት ሳምንት ጠብቄው ስለ ቀረ ነው ይህን የምጽፈው።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነውና ለማያውቁ አንባብያን ያህል፣ «መጥቅዕ» አጽዋማትና በዓላት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚያሰላ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል የስልክ ፕሮግራም ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠና ለምን እንደ ለወጠ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ አሮጌ የለውጥ መዝገብ ሲይዝልን ኖሮ፣ ኮሚቴዎ ባለፈው ሰኔ ጊት ወደሚባለው ዘመናዊ የለውጥ መዝገብ አሻግሮታል፤ «ፍልሰት» ያላችሁት ይህንኑ ነው። ቅልጥፍናውን ሳላመሰግን አላልፍም፤ የዐሥራ አንድ ዓመቱን ሥራ ከምሳ በፊት ጨርሳችሁታል።

ይሁንና ሦስት ጥቃቅን ነገሮችን በታላቅ ትሕትና ላመልክት።

፩. አዲሱ መዝገብ ለእያንዳንዱ ሠሪ ስምና ኢሜይል ስለሚፈልግ፣ ኢሜይል የሌለው ሰው ይህንኑ በሰባት ቀን ውስጥ በኢሜይል እንዲያሳውቅ ግንቦት ላይ ማስታወቂያ አውጥታችኋል። የዲማው የባሕረ ሐሳብ መምህር መሪጌታ ወልደ ሰንበት አላሳወቁም። ኢሜይል አልነበራቸውም፤ በዚያ ላይ ታኅሣሥ ውስጥ ዐርፈዋል። ጥፋቱ የእርሳቸው መሆኑን እቀበላለሁ።

፪. ኢሜይል ያልተገኘለት ለውጥ ሁሉ ፍልሰቱን ባካሄደው ሰው ስም እንዲገባ በመወሰኑ፣ የመሪጌታ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ሁለት እርማቶች ዛሬ የእርስዎ ናቸው። እንኳን ደስ ያለዎት። መሪጌታ ቅዳሜ ቅዳሜ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እየወጡ ሲደውሉልኝ፣ እኔ ደጀን ከስልክ መጠገኛ ሱቄ ሆኜ ያሉትን ቃል በቃል በስማቸው አስገባ ነበር። «ጾመ ነነዌ ማክሰኞ ገብታ አታውቅም፤ ለማሽንህ ንገረው» ያሉት የዛሬ ዐሥር ዓመት ነው። አሁን መዝገቡ ይህን የተናገሩት እርስዎ እንደ ሆኑ ይመሰክራል፤ ያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ እየተባለ የሚወራው ሐሰት መሆን አለበት። ሌላም አለ፤ «ባለፈው ቅዳሜ የነገርሁህ ስሕተት ነው። ያሳሳትሁህ እኔ ነኝና ስሜን ጻፍበት፤ ተማሪ ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ።» ይህንንም ስሕተት ወስደውላቸዋል፤ ትልቅ ሰው ነዎት።

፫. ስማቸው እንዲመለስ ባመለከትሁ ጊዜ፣ የጽሕፈት ክፍላችሁ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ባለጉዳዩ ራሳቸው መቅረብ እንዳለባቸው በጨዋ ደንብ አስረድተውኛል። መልእክቱን ይዤ ዲማ ድረስ ሄድሁ። መቃብራቸው አጠገብ ጥቂት ቆሜ፣ ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ በመጣሁበት መኪና ተመለስሁ።

አሮጌው መዝገብ ሐምሌ ሠላሳ ቀን እንደሚደመሰስ አስታውቃችኋል። ከዚያ ወዲያ የመሪጌታ ስም በዚህ ሥራ ላይ የትም አይገኝም። የምለምነው፣ የሠሪዎች ዝርዝር ባለበት ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ተጨምራ ፍልሰቱ እንደ ገና እንዲካሄድ ብቻ ነው። ኢሜይል የግድ ከሆነ የእኔን ይውሰዱ። ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሥራ መሆኑን ከእናንተው ተምሬአለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ኢሜይል ስላለው ብቻ ስሙ የተረፈለት ታዛዥዎ፣

ፍሥሐ ባዘዘው
ደጀን፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን

ማስታወሻ፦ መሪጌታ በኅዳር ያስገቡት የመጨረሻው ለውጥ እንዲህ ይላል፦ «ዓይኔ ደክሟል። የሚመጣውን ዓመት ሌላ ሰው ይቁጠረው።» በአዲሱ መዝገብ ዓይናቸው የደከመው እርስዎ ነዎት። እግዜር ይማርዎ።